የርቀት ተርሚናል ሰርቨር፦ ከራሱ ማሽን ይገናኛል፣ ከሌላ ቦታ ግን አይቀበልም

ኮምቦልቻ_ላብ

ሰላም ጀመዓ፣ እንደምን ናችሁ? በሲ ቋንቋ የርቀት ተርሚናል ሰርቨር እየጻፍኩ ነው። ዓላማው ኮምቦልቻ ላብ ውስጥ ያለችውን አንዲት የኡቡንቱ ማሽን ተማሪዎች ከየመቀመጫቸው በቴልኔት (በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን የሚገባበት ፕሮግራም) ገብተው ሼል (ትእዛዝ መጻፊያ) እንዲያገኙባት፣ ቀጥሎም ደሴ የሚያድሩት ከቤታቸው እንዲገቡባት ነው። አካሄዱ የታወቀው ነው፦ ሶኬት (የኔትወርክ ግንኙነት ጫፍ) እከፍታለሁ፣ ፖርት 2222 ላይ ባይንድ (አድሬስ ማስያዝ)፣ ከዚያ ሊስን (ማዳመጥ)፣ ከዚያ ማለቂያ በሌለው ሉፕ ውስጥ አክሰፕት (የመጣውን መቀበል)። ግንኙነት ሲመጣ ፎርክ ይደረግና (ፕሮሰሱ ወላጅና ልጅ ሆኖ ይባዛና) ልጁ ፕሮሰስ ሶኬቱን በዱፕ2 ወደ 0፣ 1 እና 2 (ግብዓት፣ ውጤትና ስህተት) አዙሮ ባሽን፣ ማለትም ሼሉን፣ ያስነሳል። ወላጁ በዌይትፒድ ልጁ እስኪጨርስ ይጠብቃል።

የሚታዩት ችግሮች እነዚህ ናቸው፦

ከራሱ ከማሽኑ 127.0.0.1 ብዬ ስገባ ይሠራል። ከጎኑ ካለው ኮምፒውተር ግን ወዲያው «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ይላል። ደሴ ካለ ስልክ በሞባይል ዳታ ሲሞከር ደግሞ ሪፊውዝድም አይልም፤ ዝም ብሎ ቆይቶ «ታይምድ አውት» ነው።

በራሱ ማሽን ላይ ሁለት መስኮት ከፍቼ ስሞክር ሁለተኛው «ኮኔክትድ» ይላል፣ ፕሮምፕት ግን የሚመጣለት የመጀመሪያው ሲወጣ ነው። ፕሮግራሙን ዘግቼ ወዲያው ሳስነሳው ባይንድ «አድሬስ ኦልሬዲ ኢን ዩዝ» ይላል። ብዙ ጊዜ ሲገባና ሲወጣ ከዋለ በኋላ አክሰፕት «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» ብሎ ይቆማል። ባሽ ሲነሳም «ኖ ጆብ ኮንትሮል ኢን ዚስ ሼል» የሚል መስመር ያወጣል።

ከየትኛው ልጀምር?

ቦርከና

ወንድም ዓለም፣ አብሽር፤ አንዱም አዲስ አይደለም። ግን ተራ በተራ ከመጠገንህ በፊት አንድ ነገር ያዝ። ግንኙነቱን የሚቀበለው ያንተ ፕሮግራም አይደለም፣ ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ነው። ሊስን ካልክበት ቅጽበት ጀምሮ ሲን (የግንኙነት ጥያቄ ፓኬት) ሲመጣ ሲን-አክ (የጥያቄውን መልስ) የሚመልሰው ከርነሉ ነው፤ የደንበኛው አክ (ማረጋገጫ) ሲደርስ ግንኙነቱ ተጠናቆ ወረፋ ይይዛል። አክሰፕት የሚሠራው ከወረፋው ፊተኛውን አንስቶ አዲስ ዲስክሪፕተር (ክፍት ፋይል ወይም ሶኬት የሚጠራበት ቁጥር) መስጠት ብቻ ነው። ሁለተኛው መስኮት «ኮኔክትድ» ብሎ ባዶ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ከከርነሉ ጋር ተጨባብጧል፤ ያንተ ወላጅ ግን ዌይትፒድ ላይ ቆሞ ወደ አክሰፕት አልተመለሰም።

ይህን ከያዝክ የስህተት መልእክቶቹ ራሳቸው ቦታውን ይጠቁሙሃል። ሪፊውዝድ ማለት ፓኬቱ ማሽኑ ድረስ ደርሷል፣ ነገር ግን በዚያ አድሬስና በዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ ስለሌለ ከርነሉ ሪሴት (ግንኙነቱን የሚሰርዝ ፓኬት) መልሷል ማለት ነው። ታይምድ አውት ማለት ለሲኑ መልስ የሰጠ የለም፤ መንገድ ላይ ጠፍቷል፣ ወይም ፋየርዎል ዋጥ አድርጎታል። ሊኑክስ ደንበኛ ሲኑን እየደጋገመ ሁለት ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። ስለዚህ ሪፊውዝድ ሲመጣ ፕሮግራምህን፣ ታይምድ አውት ሲመጣ መንገዱን መርምር። ለሁለቱም አንድ ዓይነት መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ ኮዱን ሲያገላብጥ ይውላል።

አሁን የጎንህ ኮምፒውተር። ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ ኤስኤስ የሚባለውን፣ ክፍት ሶኬቶችን የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ከቲ፣ ኤል፣ ኤን እና ፒ አማራጮች ጋር በሱዶ አስነሳና «ሎካል አድሬስ» የሚለውን ዓምድ ተመልከት። 127.0.0.1:2222 ከሆነ ባይንድ ያደረግከው ሉፕባክ (ማሽኑ ከራሱ ጋር ብቻ የሚነጋገርበት አድሬስ) ላይ ብቻ ነው፤ በሌላ ካርድ የመጣ ሁሉ ሪሴት ይቀበላል። በአድሬስ መዋቅሩ ውስጥ ኢንአድር-ኤኒ (ማንኛውም አድሬስ) አድርገው፤ ያኔ 0.0.0.0:2222 ሆኖ ታየዋለህ። ከዚያ ቢጠብ የሚሻለው ግን የላቡን ካርድ አድሬስ ለይቶ መስጠት ነው።

ፖርቱ 2222 ሳይሆን 44552 ሆኖ ካየኸው ኤችቶንስን (ባይቶቹን በኔትወርክ ቅደም ተከተል የሚያስቀምጠውን ፈንክሽን) ዘለሃል። 2222 በሁለት ባይት 8 እና 174 ነው፤ ኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ሳይገለበጥ ሲጻፍ 174 እና 8 ሆኖ ይነበባል፣ ያ ደግሞ 44552 ነው። ደንበኛውም ያንተው ኮድ ከሆነና እሱም ኤችቶንስን ከዘለለ ሁለቱ ተሳስተው ይገናኛሉ። ስለዚህ በራስህ ደንበኛ ብቻ አትፈትን።

ቀጥሎ ፎርኩ። ፎርክ ሲደረግ ሁለቱም ፕሮሰሶች ሁለቱንም ዲስክሪፕተሮች ይይዛሉ፦ አዳማጩንም፣ የደንበኛውንም። ወላጁ የደንበኛውን ወዲያው መዝጋት አለበት፤ ልጁ ደግሞ አዳማጩን። ወላጁ ካልዘጋ ሁለት ጉዳት አለው። ልጁ ቢወጣም ሶኬቱ በወላጁ በኩል ክፍት ስለሆነ ፊን (የግንኙነት መዝጊያ ፓኬት) አይላክም፤ ተማሪው «ኤግዚት» ብሎ ተርሚናሉ እንደቆመ ይቀራል። ሁለተኛው፣ በገባ ሰው ቁጥር አንድ ዲስክሪፕተር ይፈስሳል። የአንድ ፕሮሰስ የተለመደው ገደብ 1024 ነውና እዚያ ሲደርስ ያየኸው «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» ይመጣል። ገደቡን በዩሊሚት ከፍ ማድረግ ቀኑን ማራዘም እንጂ መጠገን አይደለም።

ልጁ አዳማጩን ካልዘጋስ? ይህ የ«አድሬስ ኦልሬዲ ኢን ዩዝ» ግማሽ ምክንያት ነው። ወላጁን ገድለኸው ባሽ ግን በሕይወት ካለ፣ ባሹ 2222ን አሁንም እያዳመጠ ነው፤ ማንም አክሰፕት የማያደርግበት አዳማጭ። ኤስኤስ ላይ የፕሮሰሱ ስም «ባሽ» ሆኖ ታገኘዋለህ። ሶኬቱን ስትከፍት ሶክ-ክሎኤግዜክ የሚለውን ምልክት ጨምር፣ ለደንበኛውም አክሰፕት4ን በዚያው ምልክት ተጠቀም፤ ያኔ ኤግዜክ ሲደረግ (ልጁ ባሽን ሲያስነሳ) ራሱ ይዘጋል። በዱፕ2 የተባዙት 0፣ 1 እና 2 ምልክቱን ስለማይወርሱ አይነኩም።

ሌላው ግማሽ ታይም-ዌይት (ከመዝጋት በኋላ ያለ የመጠበቂያ ሁኔታ) ነው። ግንኙነቱን ቀድሞ የዘጋው ወገን ሊኑክስ ላይ ለ60 ሰከንድ በዚያ ሁኔታ ይቆያል። ከባይንድ በፊት (ከባይንድ በኋላ ከሆነ ለዚያ ባይንድ አይረዳም) ኤስኦ-ሪዩዝአድርን (አድሬሱን መልሶ ለመያዝ የሚፈቅደውን ምርጫ) 1 አድርገው። በሕይወት ያለ አዳማጭ ካለ ግን ይህም አያልፍልህም፤ ስለዚህ ሁለቱንም አስተካክል።

የሊስን ሁለተኛው ቁጥር የወረፋው ርዝመት ነው። ከርነሉ ከሶማክስኮን (ከራሱ የወረፋ ጣሪያ) በላይ አይሰጥህም፤ ከሊኑክስ 5.4 ጀምሮ ነባሪው 4096 ነው፣ ከዚያ በፊት 128 ነበር። ለአንድ ላብ 64 ይበቃል። ኤስኤስ ላይ በሊስን መስመር «ሬክቭ-ኪው» አሁን የሚጠብቁትን፣ «ሴንድ-ኪው» ጣሪያውን ያሳያል። ሬክቭ-ኪው ከዜሮ በላይ ሆኖ ከቆየ ፕሮግራምህ አክሰፕት እያደረገ አይደለም ማለት ነው። ወረፋው ሞልቶ ከፈሰሰ ሊኑክስ ሪሴት አይልክም፣ ሲኑን ይጥላል፤ ደንበኛው ታይምድ አውት ያያል። ከላይ ለሰጠሁህ ደንብ የማይገዛው ይህ አንዱ ነው።

ወልድያ_ኔት

ቦርከና የፕሮግራሙን ክፍል በደንብ ጨርሶታል፤ እኔ ስለ ደሴው ስልክ ልበል።

መጀመሪያ ፋየርዎሉ። ዩኤፍደብሊው (የኡቡንቱ ፋየርዎል) በርቶ ከሆነ የውጭውን ሁሉ በዝምታ ይጥላል፣ ስለዚህ ታይምድ አውት ነው የሚሰጥህ። 2222ን ለቲሲፒ ፍቀድ፤ ሲቻል ለላቡ የአድሬስ ክልል ብቻ። ከዚያ ቲሲፒደምፕን (የሚያልፉትን ፓኬቶች የሚያሳየውን ፕሮግራም) ፖርት 2222 ላይ አስነስተህ ከሌላ ቦታ ሞክር። ሲኑ ከታየና መልስ ካልወጣ ጉዳዩ እዚያው ማሽኑ ላይ ነው፤ ምንም ካልታየ ፓኬቱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ አልደረሰም፣ ኮድህን አትንካው።

ላቡ በዋይፋይ ከሆነ አክሰስ ፖይንቱ ላይ ደንበኞችን እርስ በርስ የሚለይ ምርጫ መጥፋቱን አረጋግጥ። እሱ ሲበራ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ሁለት ላፕቶፖች ግን አይተያዩም፤ ብዙ ሰው በዚህ ተታሎ ሰርቨሩን ይወቅሳል።

ከውጭ ለመግባት ወሳኙ ጥያቄ ራውተሩ ምን ዓይነት አድሬስ ይዟል የሚለው ነው። የራውተሩን ገጽ ከፍተህ የዋን (የውጭ በኩል) አይፒውን እይ፤ ከዚያ አይፒህን ከሚያሳይ ድረገጽ ጋር አመሳክረው። አንድ ከሆኑ ፖርት ፎርዋርዲንግ ይበቃል፦ ከውጭ 2222 ወደ ማሽኑ የውስጥ አድሬስ 2222፣ ቲሲፒ። ማሽኑ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሌላ አድሬስ እንዳይሰጠው ዲኤችሲፒ (አድሬስ የሚያድለው አገልግሎት) ላይ በማክ አድሬሱ አስይዘው፣ አለዚያ ፎርዋርዱ ባዶ ቦታ ይጠቁማል።

ካልተመሳሰሉ፣ በተለይ የዋን አይፒው ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ከሆነ፣ በአቅራቢው በኩል ሌላ ናት (ብዙ ማሽኖችን በአንድ የሕዝብ አድሬስ የሚያወጣ መሣሪያ) ውስጥ ነህ። ያ ክልል ለዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመደበ ነው። እዚህ ላይ ራውተርህ ላይ የምትከፍተው ፖርት ሁሉ ከንቱ ነው፤ የውጭው ሲን የሚወድቀው አንተ በማትደርስበት መሣሪያ ላይ ነው። በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምር ከሆነም ከፊትህ ሌላ ናት አለ።

መፍትሔው አቅጣጫውን መገልበጥ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ መውጣት ይቻላልና ማሽኑ ራሱ የሕዝብ አይፒ ወዳለው አንድ ኪራይ ሰርቨር በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት መግቢያ) ይውጣ፣ በአር አማራጭ የተገላቢጦሽ ዋሻ ይክፈት፦ በኪራዩ 2200፣ በላቡ ሎካልሆስት 22። ዋሻው እዚያ የሚከፈተው በነባሪው በኪራዩ ሉፕባክ ላይ ብቻ ነው፤ ይህ ጥሩ ነው፣ አትቀይረው። ደሴ ያለው ተማሪ በጄ አማራጭ ኪራዩን ተሻግሮ ሎካልሆስት 2200 ይግባ። ሌላው መንገድ ዋየርጋርድ (ቪፒኤን) ነው፦ በኪራዩ ላይ ዩዲፒ 51820፣ በላቡ ማሽን ላይ ፐርሲስተንት-ኪፕአላይቭ 25 ሰከንድ። ናቱ መንገዱን እንዳይረሳው የሚያደርገው ያ 25 ነው።

ሲጨርሱ የሚስቱት አንድ አለ። የሕዝብ አይፒህን ከዚያው ከላቡ ውስጥ ሆነህ አትፈትን። ብዙ ራውተር ከውስጥ ወጥቶ ወደ ውስጥ የሚመለሰውን አያስተናግድም፤ በትክክል የተሠራውንም እንዳልተሠራ ያስመስለዋል። በስልክ ዳታ ፈትን።

ኮምቦልቻ_ላብ

አመሰግናለሁ፣ ሁለታችሁንም አላህ ይስጣችሁ። አድሬሱ በእርግጥ 127.0.0.1 ነበር፤ አሁን ከጎኑ ኮምፒውተር ይገባል። ዲስክሪፕተሮቹን በሁለቱም በኩል ዘጋሁ፣ ዌይትፒዱንም ከሉፑ አወጣሁ፤ ሁለትና ሦስት ሰው አብሮ ይሠራል። የራውተሩ የዋን አይፒ በ100.7 የሚጀምር ነው፣ ስለዚህ በዋሻው እሄዳለሁ።

የቀሩት፦ የጆብ ኮንትሮሉ መልእክት አለ። ኮንትሮል ሲ ሲጫን በባሹ ውስጥ የሚሄደው ሥራ አይቆምም። ናኖ (የጽሑፍ ማረሚያው) አይከፈትም። አማርኛ ተጽፎ ወደ ኋላ ሲጠፋ ፊደሉ ይበላሻል። መብራት ጠፍቶ የተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች ሲሞቱም ባሾቻቸው ሰርቨሩ ላይ (ዩፒኤስ አለው) እንዳሉ ይቀራሉ።

ጦሳ

ስለ አይፒው፦ በ100.7 የሚጀምረው ወልድያ_ኔት ካለው ክልል ውጭ ነው፤ ክልሉ ከ100.64.0.0 ነው የሚጀምረው። 100.70 ማለትህ ከሆነ ልክ ነህ፤ ዝም ብሎ 100.7 ከሆነ ግን የሕዝብ አድሬስ ሊሆን ይችላልና ከድረገጹ ጋር አመሳክር።

አሁን ተርሚናሉ። ሶኬት ተርሚናል አይደለም፤ ችግርህ ሁሉ ከዚያ ይመነጫል። ኮንትሮል ሲ ቁጥር 3 የሆነ አንድ ባይት ነው፤ ወደ ሲግኢንት (የማቋረጫ ምልክት) የሚቀይረው የከርነሉ የቲቲዋይ (የተርሚናል) ክፍል ነው፣ በሶኬት ላይ ደግሞ ያ ክፍል የለም። ናኖም የመስኮቱን ስፋት የሚጠይቀው ቲቲዋይን ነው። ስለዚህ በሶኬቱና በባሹ መካከል ፒቲዋይ (ጌታና ባሪያ የሚባሉ ሁለት ጫፎች ያሉት ሰው ሠራሽ ተርሚናል) ማስገባት አለብህ። በእጅ ከሠራኸው ፖዚክስ-ኦፕንፒቲ፣ ግራንትፒቲ፣ አንሎክፒቲ፣ ፒቲኤስኔም፤ በልጁ ውስጥ መጀመሪያ ሴትሲድ፣ ከዚያ ባሪያውን ጫፍ ከፍተህ በቲዮክ-ኤስሲቲቲዋይ ተቆጣጣሪ ተርሚናል ማድረግ፣ ከዚያ ዱፕ2። ሴትሲድ ከተዘለለ ያው «ኖ ጆብ ኮንትሮል» ይመለሳል። ፎርክ-ፒቲዋይ የሚባለው ፈንክሽን ይህን ሁሉ በአንድ ጥሪ ይሠራል፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ከዚያ ለያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ፕሮሰስ በፖል (ብዙ ዲስክሪፕተሮችን በአንዴ በሚጠብቅ ጥሪ) ሁለት ዲስክሪፕተር ይጠብቃል፦ ሶኬቱንና የፒቲዋይውን ጌታ ጫፍ። ከአንዱ ያነበበውን ለሌላው ይጽፋል። ራይት ከጠየቅከው ያነሰ ሊጽፍ ይችላልና የቀረውን አስቀምጠህ ቀጥል፤ ይህን የዘለለ ሰርቨር ትልቅ ፋይል በካት ሲወጣ መሐሉን ይበላል። ባሹ ሲወጣ ከጌታው ጫፍ የሚነበበው 0 አይደለም፣ ሊኑክስ ላይ ኢ-አይኦ ስህተት ነው፤ እንደ መደበኛ ፍጻሜ ያዘው። ደንበኛው በድንገት ከሄደ ደግሞ መጻፍ ሲግፓይፕ ያስነሳና ፕሮሰሱን ይገድላል፤ ሴንድን በኤምኤስጂ-ኖሲግናል ተጠቀም።

ፒቲዋይ ስታስገባ አዲስ ነገር ታያለህ፦ የተጻፈው ሁሉ ሁለት ጊዜ ይታያል። የሊኑክስ ቴልኔት ከ23 ውጭ ባለ ፖርት ላይ ድርድር አይጀምርም፤ በመስመር ሁኔታ ሆኖ ራሱ ያስተጋባል፣ ፒቲዋይውም ያስተጋባል። ሰርቨሩ እንደተገናኘ እነዚህን ስድስት ባይቶች ላክ፦ 255 251 1፣ ከዚያ 255 251 3። የፊተኛው «ማስተጋባቱን እኔ እሠራለሁ» ነው፣ ሁለተኛው ፊደል በፊደል መላኩን ያስጀምራል። መልሱ 255 253 1 እና 255 253 3 ሆኖ ይመጣል፤ ወደ ባሹ ሳታሳልፍ ዋጠው። ለመስኮቱ መጠን 255 253 31 ላክ፤ 80 በ24 የሆነ ተርሚናል 255 250 31 0 80 0 24 255 240 ብሎ ይመልሳል። ቁጥሮቹን በቲዮክ-ኤስዊንስዝ ለፒቲዋይ ስጠው። እነዚህ ባይቶች በአንድ ሪድ ተጠቃለው ይመጣሉ ብለህ አታስብ፤ 255 በአንዱ ሪድ መጨረሻ፣ ቀሪው በሚቀጥለው ሊመጣ ይችላል። የት እንደደረስክ የሚያስታውስ ተለዋዋጭ ያስፈልጋል። ኢንተርም 13 እና 0 ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ዜሮዋን ጣል።

አማርኛው በጣም ደስ የሚል ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው፤ «ሀ» 225 136 128 ነው። ቲቲዋይ በመስመር ሁኔታ ሲሠራ፣ አይዩቲኤፍ8 የሚባለው ምልክት ካልበራ፣ ማጥፊያው ከሦስቱ አንዱን ባይት ብቻ ይቀንሳል፤ የቀረው ሁለት ባይት ደግሞ ፊደል አይደለም። ባሹን ከማስነሳትህ በፊት በፒቲዋይው ቴርሚዮስ (የተርሚናል ቅንብር) የግብዓት ምልክቶች ላይ አይዩቲኤፍ8ን ጨምር፣ ቋንቋና ፊደል የሚወስነውን የላንግ ተለዋዋጭንም ዩቲኤፍ-8 አድርገህ አውርስ። ባሽ የራሱን መስመር የሚያርመው በላንግ ነው፤ ካትና ሪድ ደግሞ በምልክቱ። አንዱን ብቻ ብታስተካክል ግማሹ ቦታ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም፣ ትደናገራለህ። 255 የሚባል ባይት በዩቲኤፍ-8 ውስጥ ፈጽሞ ስለማይኖር ከቴልኔቱ ምልክት ጋር አይጋጭም።

መብራቱን በተመለከተ፦ ኮምፒውተሩ ሲሞት ፊን የሚልክ የለም፤ ሰርቨሩ ግንኙነቱን ሕያው አድርጎ ያስበዋል። ኤስኦ-ኪፕአላይቭን ብታበራም ነባሪው 7200 ሰከንድ ጠብቆ በየ75 ሰከንዱ 9 ጊዜ መጠየቅ ነው፤ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ማለት ነው። በቲሲፒ-ኪፕአይድል 60፣ በኪፕኢንትቨል 10፣ በኪፕሲኤንቲ 3 አድርገው፤ በ90 ሰከንድ ይጸዳል። ሰርቨሩ ጽፎ ያልተረጋገጠለት ዳታ ካለ ግን ኪፕአላይቭ አይሠራም፤ ድጋሚ መላኩ ብቻውን ሩብ ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል። ለሱ ቲሲፒ-ዩዘር-ታይምአውትን 90000 ስጠው፣ ልኩ ሚሊሰከንድ ነው። የፒቲዋይው ጌታ ጫፍ ሲዘጋ ባሹ ሲግሀፕ (የመቋረጥ ምልክት) ተቀብሎ ይወጣል።

ሐይቅ_ዳር

የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ይህ ሰርቨር ለመማሪያ ከላቡ ክፍል ውስጥ ይቅር። ቴልኔት ማንነትን አያጣራም፣ ምንም አይመሰጥርም፤ በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ሰው የሚጻፈውን ሁሉ ሊያነብ ይችላል። የናንተው ደግሞ ሉፑን ያስነሳው ተጠቃሚ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው) ከሆነ፣ ለመጣ ሁሉ ሩት ሼል ያድላል። ፖርቱ 2222 ስለሆነ ሩት አያስፈልግም (የሚያስፈልገው ከ1024 በታች ለሆነው ነው)፣ ስለዚህ አቅም በሌለው ተጠቃሚ አስነሱት። ለደሴዎቹ ኦፕንኤስኤስኤች ይሁን፣ የወልድያ_ኔት ዋሻም ወደ 22 የሚያመለክተው በትክክል ነው። በኢዲ25519 ቁልፍ ብቻ ይግቡ፣ የይለፍ ቃሉን ዝጉት።

አክሰፕትን ለሚማር ሰው የኤስኤስኤችዲ (የኤስኤስኤች ሰርቨሩ) ማስተካከያዎች ራሳቸው ትምህርት ናቸው። ማክስ-ስታርትአፕስ 10:30:100 የሚለው ነባሪ፣ ማንነታቸው ገና ያልተረጋገጠ 10 ግንኙነቶች ሲኖሩ አዲሱን በ30 ከመቶ ዕድል መጣል ይጀምራል፣ 100 ሲሞላ ሁሉንም ይጥላል። ሎጊን-ግሬስ-ታይም 120 ሰከንድ ነው። ያንተ ሰርቨር ሁለቱም የሉትም፤ አንድ ሰው ገብቶ ምንም ሳይጽፍ ቢቀመጥ ፕሮሰሱ ለዘላለም ተይዞ ይኖራል፣ እንዲህ ያለው አንድ ሺህ ቢሆንስ? የልጆቹን ብዛት ቁጠር፤ ከ40 ሲያልፍ አክሰፕት አድርገህ ወዲያው ዝጋ። አክሰፕት አለማድረግ ይሻላል ብለህ አታስብ፣ ከርነሉ ይቀበልልሃል፣ ተማሪውም ባዶ ጥቁር መስኮት እያየ ይቀመጣል።

የጊዜ ገደቡን በአላርም ምልክት ከሠራኸው ግን በሃንድለሩ (ምልክቱ ሲደርስ በሚጠራው ፈንክሽን) ውስጥ ምንም አትሥራ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2024 ይፋ የሆነው የኤስኤስኤችዲ ቀዳዳ፣ ቁጥሩ 2024-6387፣ የመጣው በትክክል ከዚህ ነው፦ የመግቢያ ጊዜው ሲያልፍ የሚነሳው የሲግአላርም ሃንድለር ሲስሎግን (መዝገብ ጸሐፊውን) ይጠራ ነበር፣ ሲስሎግ ደግሞ ማሎክን (ሚሞሪ ሰጪውን) ሊጠራ ይችላል። ዋናው ፕሮግራም ማሎክ ውስጥ መሐል ላይ ሳለ ምልክቱ ከደረሰ ሚሞሪው ይበላሻል፣ ከውጭ ያለ ሰውም ሳይገባ ሩት ሊሆን ይችላል። ጂሊብሲ (የሲ ቋንቋ ላይብረሪ) ባላቸው ሊኑክሶች ላይ ከ8.5 እስከ 9.7 ያሉትን ነክቷል፤ 9.8 አስተካክሎታል፣ ስርጭቶቹም በየራሳቸው ቁጥር ጥገናውን አውጥተዋል። በሃንድለር ውስጥ አንድ ተለዋዋጭ 1 አድርጎ መመለስ ብቻ፤ ሌላው ሥራ በዋናው ሉፕ።

ኡቡንቱ ላይ ኤስኤስኤችን ወደ ሌላ ፖርት ለምትወስዱ፦ ከ22.10 ወዲህ የሚያዳምጠው ሲስተምዲ (የአገልግሎቶች አስተዳዳሪው) ነው፣ ኤስኤስኤችዲ የሚነሳው ግንኙነት ሲመጣ ነው። በ24.04 ላይ ፖርቱን በኤስኤስኤችዲ-ኮንፊግ ቀይራችሁ አገልግሎቱን ብቻ ብታስነሱ አሮጌው ፖርት ይቀጥላል። ሲስተምሲቲኤል ዲሞን-ሪሎድ፣ ከዚያ ኤስኤስኤች-ነጥብ-ሶኬትን ሪስታርት።

ቦርከና

ሐይቅ_ዳር ያነሳው የምልክት ነገር ለሲግቻይልድም (ልጅ ፕሮሰስ ሲሞት ለሚመጣው ምልክት) ይሠራል። ኮምቦልቻ፣ ዌይትፒዱን ከሉፑ አወጣሁ ብለሃል፤ ወዴት እንዳደረግከው አልነገርከንም። ጨርሰህ ካጠፋኸው በወጣ ሰው ቁጥር አንድ ዞምቢ (ሞቶ ከዝርዝር ያልጠፋ ፕሮሰስ) ይቀራል። ፒኤስ ላይ «ዲፈንክት» የሚል ተደርድሮ ካየህ ያ ነው። ሲግቻይልድን ችላ ማለት (ሲግ-ኢግን) ሊኑክስ ላይ ያጸዳቸዋል፣ ግን ያኔ ልጆችን መቁጠር አትችልም፤ የሐይቅ_ዳርን የ40 ገደብ ከፈለግክ ሃንድለር ያስፈልግሃል። ምልክቶች ወረፋ አይይዙምና ሦስት ልጆች አብረው ቢሞቱ አንድ ምልክት ብቻ ሊደርስህ ይችላል። ስለዚህ ዌይትፒድን በዋይ-ኖሃንግ፣ 0 ወይም ስህተት እስኪመልስ ድረስ በሉፕ ጥራው። ልጁም ኤግዜክ ከማድረጉ በፊት ሲግቻይልድን ወደ ነባሪው ይመልስ፤ ችላ የተባለ ምልክት ወደ ባሹ ይወረሳል።

ሃንድለር ስትጨምር አክሰፕት በመሐል ተቋርጦ ኢ-ኢንተር (በምልክት የመቋረጥ ስህተት) ሊመልስ ይችላል። ፕሮግራሙን የሚያቆም ስህተት አይደለም፤ ኢ-ኮንአቦርትድም (ግንኙነቱ ሳይነሳ መቋረጡ) እንዲሁ። በሁለቱም ወደ ሉፑ ተመለስ። ኢ-ኤምፋይል (ያው «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ») ግን ለየት ይላል፦ ያልተነሳው ግንኙነት ወረፋው ላይ እንዳለ ነው። በፖል የምትሠራ ከሆነ «ዝግጁ ነው» እያለ ይመልስሃል፣ አክሰፕት ይከሽፋል፣ ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ይነድዳል። ዴቭ-ነል ላይ አንድ መጠባበቂያ ዲስክሪፕተር ከፍተህ አስቀምጥ፤ ሲደርስ እሱን ዝጋ፣ አክሰፕት አድርግ፣ የመጣውን ዝጋ፣ መጠባበቂያውን መልሰህ ክፈት። አዳማጩን በፖል ከያዝከው ኖንብሎኪንግ (ቆሞ የማይጠብቅ) አድርገው። ሊኑክስ ላይ ከአክሰፕት የሚወጣው ሶኬት ያንን ሁኔታ አይወርስም፣ በቢኤስዲዎች ላይ ግን ይወርሳል፤ ኮዱን ወደዚያ የምትወስድ ከሆነ በግልጽ አስቀምጠው።

ወልድያ_ኔት

ለዋሻው አንድ ጭማሪ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ የግድ ነው። ላቡ ሲጠፋ የኪራዩ ኤስኤስኤችዲ አሮጌውን ዋሻ እንደ ሕያው ይዞ 2200ን አይለቅም። ላቡ ተመልሶ ሲደውል ኤስኤስኤቹ ይገናኛል፣ ፎርዋርዱ ግን ይከሽፋል፣ ፕሮሰሱም ምንም ሳይሠራ ተገናኝቶ ይኖራል። በኪራዩ ላይ ክላየንት-አላይቭ-ኢንተርቫል 30 እና ካውንት-ማክስ 3 አድርጉ፤ ነባሪው ኢንተርቫል 0 ነው፣ ፈጽሞ አይጠይቅም። በላቡ በኩል ኤግዚት-ኦን-ፎርዋርድ-ፌይለርን የስ፣ ሰርቨር-አላይቭ-ኢንተርቫልን 30፣ ሲስተምዲ ዩኒት ውስጥ ደግሞ ሪስታርትን ኦልዌይስ እና ሪስታርት-ሴክን 20። ያኔ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ይከሽፋሉ፣ ኪራዩ ከ90 ሰከንድ በኋላ ሲለቅ ቀጣዩ ይይዛል። ሲስተምዲ በ10 ሰከንድ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ የተነሳን አገልግሎት ስለሚያቆም 20ውን አታሳንሱት።

የኪራዩ ኦፕንኤስኤስኤች 9.8 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላም አለ። ፐር-ሶርስ-ፔናልቲስ የሚባለው በነባሪው በርቷል፦ ከአንድ አድሬስ መግባት ደጋግሞ ሲከሽፍ ያንን አድሬስ ለጊዜው ያግዳል። ከአቅራቢው ናት ጀርባ ያሉ ብዙ የደሴ ስልኮች በአንድ የሕዝብ አይፒ ሊወጡ ስለሚችሉ አንዱ የተሳሳተ ቁልፍ ይዞ ሲደጋግም ሌሎቹም አብረው ይታገዳሉ። የላቡን አድሬስ በፐር-ሶርስ-ፔናልቲ-ኤግዘምፕት-ሊስት ውስጥ አስገቡት፤ ለስልኮቹ ግን አድሬሱ ስለሚለዋወጥ ዋየርጋርዱ ይሻላል፣ ኤስኤስኤቹ የሚያየው የዋሻውን የውስጥ አድሬስ ስለሆነ እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ ይቆጠራል።